በዘይት የሚሠራው ፍሪሲዮን፦ ለተሻሻለ ፒክአፕ ቶርክ ኮንቨርተር እንዴት ይመረጣል?

ሁለት ቬንትሌተሮችን ፊት ለፊት አቁመን አንደኛውን ብቻ ከኤሌክትሪክ ጋር ብናገናኘው ምን እናያለን? ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ የሌላኛውን ክንፎች እየገፋ ያሽከረክራቸዋል። አየሩን በዘይት ተክተን ሁለቱን በአንድ የታሸገ የብረት ቅርፊት ውስጥ ብናስገባቸው፣ በአውቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮንን ቦታ የያዘው የቶርክ ኮንቨርተር መሠረታዊ ሐሳብ ይገለጥልናል።

በአሜሪካ የፒክአፕ መኪናን ሞተር አሻሽሎ በየዕለቱ መንዳት የብዙዎች ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ካምሻፍቱንና የጭስ ማውጫውን ለውጦ ኮንቨርተሩን እንደነበረ የተወ ባለመኪና፣ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት መኪና ከቆመበት ሲነሣ ከቀድሞው ይልቅ ፈዞ ሊያገኘው ይችላል። ስሕተቱን አርማለሁ ብሎ ያለ ስሌት የገዛው ኮንቨርተር ደግሞ ካምቢዮውን ሊያቃጥልበት ይችላል። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ፊዚክሱን እንመልከት።

የሦስት ክንፎች ሥራ

ይህን መሣሪያ የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ለመርከብ አገልግሎት ነበር። ወደ አሜሪካ የቤት መኪና በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀረበው የቢዊክ ዳይናፍሎው ካምቢዮ አማካይነት ነው።

በውስጡ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉ። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፓምፕ ዘይቱን ይወረውራል፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ተርባይን ዘይቱን ተቀብሎ ይዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ስታተር ደግሞ ከተርባይኑ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስቀይሮ ፓምፑን በሚያግዝ መንገድ ይመልሰዋል። በዚህ እገዛ መኪናው ከቆመበት በሚነሣበት ቅጽበት ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ የሞተሩን እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ከምንም የተገኘ ኃይል አይደለም፤ ቶርክ የሚጨምረው ፍጥነት ተከፍሎበት ነው። የተርባይኑ ፍጥነት ከፓምፑ 9/10 ገደማ ሲደርስ ስታተሩ በነጻ መዞር ይጀምራል፤ ብዜቱም ያበቃል።

ስቶል ምንድን ነው?

ፍሬኑ ተይዞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሊዞር የማይችልበት ፍጥነት ስቶል ይባላል። ብዙዎች ይህን ቁጥር የኮንቨርተሩ ቋሚ ጠባይ አድርገው ይቆጥሩታል። በእርግጥ ግን ፓምፑ የሚቀበለው ቶርክ ከፍጥነቱ ካሬ እና ከዲያሜትሩ 5ኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ከዚህ ሕግ ሁለት ቁም ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ስቶል በሞተሩ ይወሰናል። በአንድ ሞተር ላይ በደቂቃ 1,800 ዙር የሚያሳይ ኮንቨርተር፣ ቶርኩ በ44 በመቶ በሚበልጥ ሞተር ላይ ወደ 2,160 ዙር ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ጥቂት የዲያሜትር ለውጥ ብዙ ያመጣል። የክንፎቹ ቅርጽ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ከ300 ወደ 250 ሚሊ ሜትር ቢቀነስ፣ ያው 1,800 ወደ 2,840 ያድጋል።

ሙቀት፦ የማይታየው ዕዳ

በስቶል ጊዜ ተርባይኑ ስለማይዞር የሞተሩ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2,800 ዙር 400 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር 117 ኪሎ ዋት ያህል በዘይቱ ውስጥ ያፈሳል። 10 ሊትር ዘይት ሙቀቱን እኩል ቢካፈል እንኳ በየሰከንዱ 7 ዲግሪ ገደማ ይግላል፤ በ5 ሰከንድ 35 ዲግሪ ማለት ነው። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ በመሆኑ በዚያ ስፍራ ግለቱ ይብሳል። የስቶል ሙከራ ከጥቂት ሰከንዶች እንዳያልፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ የቱ ይመረጥ?

ባለ 5.3 ሊትር ሞተርና ባለ 4 ማርሽ 4ኤል60ኢ ካምቢዮ ያለውን የሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ፒክአፕ እንውሰድ። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 3.73፣ የጎማው ዲያሜትር 78 ሳንቲ ሜትር፣ የ4ኛው ማርሽ ምጥጥን 0.70 ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ኮንቨርተሩ ከተቆለፈ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,780 ዙር ገደማ ይዞራል።

የአዲሱ ካምሻፍት ጥሩ ጉልበት ከ2,200 ዙር ይጀምራል እንበል። በ1,800 ስቶል መኪናው የሚነሣው ሞተሩ ገና ደካማ በሆነበት ክልል ነው። 3,500 ስቶል ደግሞ ለአጭር እሽቅድምድም ደስ ቢያሰኝም፣ ተጎታች እየሳበ ዳገት ለሚወጣ መኪና አይበጅም። ለመውጣት 60 ኪሎ ዋት ቢያስፈልግና ከዚህ 15 በመቶው በመንሸራተት ቢባክን፣ 9 ባለ 1 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ዘይቱ ውስጥ ያለ ዕረፍት እንደሚነዱ ይቆጠራል።

ስለሆነም ለዕለት ተዕለት አገልግሎትና ለመጠነኛ ጭነት ከ2,400 እስከ 2,600 ያለው ስቶል አስታራቂ ሆኖ እናገኘዋለን። ስቶሉ ከጉዞው ዙር በመብለጡ መኪናው ዘወትር ይንሸራተታል ማለት አይደለም። ስቶል የሚለካው በሙሉ ቶርክ ሲሆን፣ ሞተሩ ሩብ ቶርክ ብቻ ሲሰጥ የስቶሉ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውንም መንሸራተት መቆለፊያው ፍሪሲዮን ያስቀረዋል። መቆለፊያ የሌለው ኮንቨርተር ለረጅም መንገድ የማይመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ መግጠምም ከኮንቨርተሩ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ገዢው ለሠሪው ሊነግረው የሚገባው እንግዲህ የፈለገውን ስቶል ብቻ አይደለም። ሞተሩ በየትኛው ዙር ምን ያህል ቶርክ እንደሚሰጥ፣ የመኪናውን ክብደት፣ የዲፈረንሻሉን ምጥጥን፣ የጎማውን ዲያሜትር፣ ከሁሉም በላይ መኪናው በእውነት ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ይኖርበታል። ቅዳሜ ለደስታ የሚነዳው መኪና ሰኞ ጭነት የሚጎትት ከሆነ፣ ኮንቨርተሩ መመረጥ ያለበት ለሰኞው ሥራ ነው እንላለን።