የጤፍ ስምና የጤፍ ዘር፤ የአየር ጠባይ ሲለወጥ የትኛው ይጠበቅ?

በብስራተ ገብርኤልም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ጤፍ የሚሸምት ሰው እህል መደብር ገብቶ የሚጠራቸው ስሞች ጥቂቶች ናቸው፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ። እነዚህ ስሞች የፍሬውን መልክ የሚገልጹ ሲሆኑ፥ ዋጋውም መልኩን ተከትሎ ይቆረጣል። ገበሬው ግን ጤፉን ሲለይ ከመልኩ ሌላ የሚደርስበትን ጊዜና የሚስማማውን መሬት ይመለከታል። ለምሳሌ ቡኒኝ የሚባለው ጤፍ ፈጥኖ በመድረሱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ዝናም የዘገየ እንደ ሆነ የሚታሰብ ዘር ነው። የከተማው አጠራር የመሶቡን፥ የገበሬው አጠራር የማሳውን ነገር ይናገራል። የአየር ጠባይ በሚለዋወጥበት በዚህ ዘመን፥ ከብዙው የጤፍ ዓይነት የትኛው ተለይቶ ይጠበቅ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከሁለቱ አጠራሮች በላይ ሦስተኛ ምስክር አስፈልጓል፤ እርሱም የዘረመል ጥናት ነው።

ጤፍ በራሱ አበባ ብናኝ የሚያፈራ ተክል ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ሲሆን ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይከፈታል። ዶክተር ታረቀ በርሄ ይህን በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከደረሱበት በኋላ ነው ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን በእጅ ማዳቀል የተቻለው። ከተፈጥሮው የተነሣ የአንዱ አገር ጤፍ ከሌላው እምብዛም ሳይዳቀል፥ ለብዙ ትውልድ የአካባቢውን ዝናምና ብርድ እየለመደ፥ ገበሬውም እየመረጠው ኖሯል። ስለዚህ በአንዲት ፍሬ ውስጥ የአንድ አካባቢ የአየር ጠባይና የብዙ ሰዎች ምርጫ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ይህን ሀብት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም መሠረት የሆነው የዕፀዋት የዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት በተገደደ ጊዜ፥ የአገር ዘር ምን ያህል በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል ታየ። በዚያን ጊዜ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፥ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ከመቀመጡ ሌላ በገበሬው ማሳ ላይም ሊጠበቅ ይገባል የሚለውን ሐሳብ በሸዋና በወሎ በሥራ አሳዩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በቀዝቃዛ ክፍል ያለ ዘር ሳይበላሽ ይቆያል እንጂ ከአዲሱ የአየር ጠባይ ጋር አይላመድም።

ይሁን እንጂ በኢንስቲትዩቱ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙና ስላለ፥ ሁሉን በየማሳው መዝራት አይቻልም። ዘረመል የሚረዳው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ አንድ ጥናት 366 የገበሬና በምርምር የተሻሻሉ ጤፎች ዘረመላቸው ተነበበ፤ በጎጃም አዴትና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለው በአቃቂም ተዘርተው ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች መዘኗቸው። ስልቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዘሩ የተሰበሰበበት ቦታ ዝናምና ሙቀት ይታያል። ቀጥሎ የትኛው የዘረመል ልዩነት ከየትኛው የአየር ጠባይ ጋር አብሮ እንደሚገኝ ይመረመራል። በመጨረሻም ወደ ፊት ይመጣል ተብሎ ከሚገመተው የአየር ጠባይ ጋር ይነጻጸራል። በአንድ ቦታ ጤፉ ዛሬ የያዘው ዘረመልና ነገ የሚያስፈልገው ዘረመል የተራራቁ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያ ቦታ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ጥበቃው ከዚያ ሊጀምር፥ ለመዝሪያም የዛሬው አየሩ የዚያን ቦታ የነገ አየር ከሚመስል አገር ዘር ሊፈለግለት ይገባል።

ነገር ግን ዘረመል ሁሉን አይናገርም። ገለባው ለከብት መኖና ለቤት ጭቃ ይበቃ እንደ ሆነ፥ እንጀራው ሳይደርቅ ይቆይ እንደ ሆነ የሚያውቁት የሚያርሰውና የምትጋግረው ናቸው። በጥናቱ የገበሬዎች ፍርድ ከዘረመሉ ንባብ ጋር መቅረቡ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ገበሬው የማይወደው ዘር አየሩን ቢችልም ከማሳ ይወጣልና።

የከተማው ምርጫም ከዚህ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ የተሰጠው ቁንጮ የተባለው ዘር የማኛን ንጣትና ዱከም የተባለውን ዘር ምርታማነት አጣምሮ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ለአራሹም ለሸማቹም ጠቅሟል። ሆኖም ገበያው ንጣትን ብቻ በከፈለበት መጠን፥ ለብዙ ዘመን ከሁሉ ርካሽ የነበረው ቀይ ጤፍና ፈጥነው የሚደርሱት ዓይነቶች ቦታቸውን ይለቃሉ። ዝናም በሚያጥርበት ዓመት ግን የሚፈለጉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ዘር የሚሰበስብ ሰው ከፍሬው ጋር የአገሩን ስም፣ ስሙ የወጣበትን ምክንያትና የሚዘራበትን ወቅት አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል። ዘረመሉ ፍሬው በቀዝቃዛ ክፍል እስካለ ድረስ ወደ ፊትም ሊነበብ ይችላል፤ የስሙ ትርጉም ግን ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።