እሳት ከመነሣቱ በፊት የሚሰጥ ሥልጠና

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1972 በአሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት፣ በሰንሻይን የብር ማዕድን ውስጥ እሳት ተነሣ። በዚያ ሰዓት 173 ሠራተኞች ከመሬት በታች ነበሩ። 80ዎቹ አምልጠው ወጡ፤ ሁለቱ ከሳምንት በኋላ በሕይወት ተገኙ፤ 91ዱ ሞቱ። ነበልባሉ ሳይደርስባቸው ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ጨረሳቸው። መርዛማውን ጋዝ የሚያጣራ መሣሪያ በማዕድኑ ውስጥ ነበረ፤ ብዙዎቹ ግን በአጠቃቀሙ ላይ በቅጡ አልሠለጠኑም ነበር።

ቤት ሲቃጠል ሰው ወደ ደጅ ይሮጣል። በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ደጁ ሩቅ ነው። ይባስ ብሎ ለሠራተኛው ንጹሕ አየር የሚያደርሰው የአየር መስመር ጭሱንም ተሸክሞ፣ እሳቱን ጨርሶ ወዳላዩ ሰዎች ይወስደዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው የሚጀምረው አደጋውን ቶሎ ከማወቅ ነው። የቁፋሮ ማሽን ጩኸት ደወልን ስለሚውጥ፣ በብዙ የብረታ ብረት ማዕድኖች ኤቲል ሜርካፕታን የተባለ፣ እንደበሰበሰ ጎመን የሚሸት ጋዝ ወደ አየር መስመሩ ይለቀቃል። ሽታው የደረሰው ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ አስቀድሞ ወደተነገረው ቦታ መሄድ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛው በጭስ ውስጥ የሚተነፍስበት የኦክስጅን መሣሪያ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል ከትንፋሽ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ለአንድ ሰዓት ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። ሠልጣኙ ይንበረከካል፤ ሄልሜቱን አውልቆ መብራቱ መሣሪያው ላይ እንዲያበራ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማንገቻውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ኦክስጅኑን ያስነሣል፤ መተንፈሻውን አፉ ውስጥ ያስገባል፤ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል። መነጽሩን፣ ማሰሪያውንና ሄልሜቱን የሚያስተካክለው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሳንባን ከጭሱ ለመጠበቅ ታስቦ የተሠራ ነው።

ፈተናው የሚብሰው ግን መሣሪያው ከተጠለቀ በኋላ ነው። ኬሚካሉ ሲሠራ ስለሚሞቅ የሚተነፈሰው አየር ይፋጃል፤ ትንፋሽ መሳብም ይከብዳል። ያልሠለጠነ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ያወልቀዋል፤ ወይም ጓደኛውን ለመጥራት መተንፈሻውን ከአፉ ያወጣል። መርዛማ ጭስ ውስጥ ይህ ሞት ነው። የሠለጠነው ግን ሙቀቱ መሣሪያው እየሠራ ስለመሆኑ ምልክት እንደሆነ ያውቃል፤ ችሎም ይራመዳል።

የአሜሪካ ሕግም በመከራ ተምሯል። ከ1977ቱ የማዕድን ደኅንነት ሕግ ወዲህ ለከርሰ ምድር ሥራ አዲስ የሆነ ሠራተኛ የ40 ሰዓት፣ ነባሩም በየዓመቱ የ8 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል። በ2006 በሳጎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን 12 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደንቡ ጠበቀ። የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች በየሦስት ወሩ የማምለጥ ልምምድ ያደርጋሉ፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ሙቀቱንና የትንፋሹን ክብደት በሚያስመስል መሣሪያ፣ ጭስ ውስጥ ይለማመዳሉ። በመውጫው መንገድ ላይ ሾጣጣ ምልክቶች የተሰኩበት ገመድ ተዘርግቷል። ወደ መውጫው የሚሄድ ሰው እጁ በሾጣጣዎቹ ላይ ያለችግር ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ከሄደ ደፍጣጣው ጫፍ እጁን ይይዘዋል። በዓይን ምንም በማይታይበት ጭስ ውስጥ አቅጣጫ የሚታወቀው በመዳፍ ነው።

መውጫው ከተዘጋ መጠለያ ክፍል አለ። በጃንዋሪ 2006 በካናዳ፣ ኤስተርሄዚ በሚገኝ የፖታሽ ማዕድን እሳት ሲነሣ 72 ሠራተኞች ኦክስጅን፣ ምግብና ውኃ በተሰናዳባቸው ክፍሎች ገብተው በራቸውን አሸጉ። ከአንድ ቀን በላይ ጠብቀው ሁሉም በደኅና ወጡ።

የነፍስ አድን ቡድን የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሠራተኛው እጅ ናቸው። ስለዚህ የማዕድን ባለቤቶችና ተቆጣጣሪዎች ሆይ፣ መሣሪያ አድሎ ማስፈረም አይበቃም። ሠራተኛው ጨለማ ውስጥ፣ ልቡ እየመታ፣ ሳይሳሳት እስኪያጠልቀው ድረስ አለማምዱት።