ቦይለር ሲቀየር የመሬት ሽቦው ብቻ ይበቃልን?

በተለምዶ ቦይለር የምንለው የውሃ ማሞቂያ ኤሌክትሪክንና ውሃን በአንድ የብረት ታንከር ውስጥ ያቀራርባል። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚግል ሽቦ ይገኛል፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ሲሞቅ በቱቦው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ስለሚያፍነው ቱቦው ከልክ በላይ ይግልና ሊሰነጠቅ ይችላል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃውና ወደ ታንከሩ አካል ያፈተልካል።

ታንከሩ በመሬት ሽቦ አማካይነት ከመሬት ጋር የሚያያዘው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የሽቦው ጥቅም የሚወሰነው በአፈሩ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘውን ጎብዬን እንውሰድ። አፈር ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው በውስጡ ባለው እርጥበትና በሟሟው ጨው ነው፤ እንደ ራያ ባለ ቆላ ደግሞ በበጋ የላይኛው አፈር ይደርቃል። በመሆኑም በክረምት ጥሩ የነበረ የመሬት ዘንግ በበጋ ተቃውሞው ብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል።

ለምሳሌ ቤቱ የሚተማመነው በግቢ በተቀበረ ዘንግ ብቻ ነው፤ የዘንጉም ተቃውሞ 100 ኦም ነው እንበል። በኦም ሕግ መሠረት 220 ቮልት ለ100 ኦም ሲካፈል 2.2 አምፔር ይሆናል። 2,000 ዋት ቦይለር በደህና ጊዜ የሚወስደው 9 አምፔር ያህል ስለሆነ፣ ሁለቱ ቢደመሩም 16 አምፔር ብሬከር አይወርድም። ታንከሩም ወደ 220 ቮልት የተጠጋ ኃይል ይዞ ይቆያል።

የእርጥብ ሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ ታንከሩን የነካ ሰው 200 ሚሊአምፔር ገደማ ሊያልፍበት ይችላል። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል ባደረጉት ጥናት፣ ወንዶች የጨበጡትን ሽቦ መልቀቅ የሚሳናቸው በአማካይ በ16 ሚሊአምፔር አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል።

መፍትሔው በባለሙያዎች ዘንድ አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መቁረጫ ነው። ይህ መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኑትራሉ የተመለሰውን ኮረንት ያወዳድራል። ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ መስመሩን በቅጽበት ይቆርጣል። ከላይ ባየነው ምሳሌ 2.2 አምፔር ለብሬከሩ ትንሽ ቢሆንም ለዚህ መሣሪያ ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ፌዙንና ኑትራሉን በሁለት እጁ ቢይዝ መሣሪያው ልዩነት ስለማያይ አያድነውም። የመሬት ሽቦንም አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይገባል።

ቦይለር በሚቀየርበት ጊዜ የሚከተሉትን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

1. ዋናውን ብሬከር ማውረድ፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰውም መጠበቅ። የግድግዳ ማጥፊያ በስህተት ኑትራሉን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ፌዙ በቦይለሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

2. ቴስተሩን በቅድሚያ ኃይል ባለው ሶኬት መፈተሽ፣ ቀጥሎ በቦይለሩ ሽቦዎች ሁሉ መሞከር፣ በመጨረሻም ወደ ሶኬቱ ተመልሶ ቴስተሩ አለመበላሸቱን ማረጋገጥ።

3. የውሃ ቧንቧን እንደ መሬት ሽቦ አለመጠቀም። የብረቱ ቧንቧ በፕላስቲክ በተተካበት ቀን ግንኙነቱ ማንም ሳያውቅ ይቋረጣል።

4. ታንከሩን በመሬት ሽቦ ምትክ ከኑትራል ጋር አለማያያዝ። ኑትራሉ ከተበጠሰ ታንከሩ ራሱ ፌዝ ይሆናል።

5. ታንከሩ በውሃ ሳይሞላ ኃይል አለመልቀቅ፤ ማሞቂያው ባዶውን ይቃጠላል።

የመስመር ዝርጋታውንና የዘንጉን ልኬት ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መተው ተገቢ ነው። ልኬቱም አፈሩ ክፉኛ በሚደርቅበት ወቅት ቢደረግ የዘንጉ እውነተኛ አቅም ይታወቃል።