ክረምት ሲገባ ለጋዙ የሚቀረው ሥራ

ቢቸና አቅራቢያ ባለችው በዲማ አካባቢ ስለ ባዮጋዝ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «መብራትስ ይሰጣል?» የሚል ነው። ይሰጣል፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። አራት የሐበሻ ከብት ያለው ገበሬ በቀን 25 ኪሎ ያህል እበት ይሰበስባል። በእኩል ውኃ ተበጥብጦ ማብላያ ውስጥ ሲገባ 1 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ በምድጃ ወጥ ሠርቶ፣ ቡና አፍልቶ ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል (እንጀራ ግን ተራው ምድጃ አይጋግርም፤ የእናቶቻችን ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው)። ያው ጋዝ በጄኔሬተር ቢያልፍ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። በበጋ አንድ ባለ 400 ዋት ሶላር ይህንኑ ያህል ያመነጫል።

ስለዚህ በበጋ መብራቱ የፀሐይ፣ ማብሰያው የጋዝ ይሁን።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ደመናው ሲከብድ ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። ውኃው ግን ደጅ ላይ ነው፤ እበቱንም ኩበት አድርጎ ማድረቅ ስለማይቻል ለማብላያው ይተርፋል። ጋዙ መብራቱን ማገዝ ያለበት ያኔ ነው። ለአንድ ቤት ግን ጄኔሬተር አልመክርም። ብዙ ከብት ላለው ገዳም ወይም የወተት እርባታ እመክራለሁ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ እንደተማሩበት እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ተማሪ በሚበዛበት ደብር፣ የማታ ብርሃን ቅንጦት አይደለም።

የእኛ አገር ዋና ፈተና አፈሩ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ያስፋፋው ማብላያ ከመሬት በታች የሚገነባ ጉልላት ነው። የቢቸና ዙሪያ ዋልካ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ግንቡን ሲገፋው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ የተሰነጠቀ ጉልላት ጋዝ አይዝም። ጉድጓዱን አስፍቶ መቆፈር፣ ዙሪያውን በጠጠር መሙላት፣ ለጎርፉ መውረጃ ማበጀት ግድ ነው። ብርዱም አለ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ጋዙ በጣም ስለሚቀንስ ማብላያውን ጭድ ማልበስ ይረዳል።

የጄኔሬተሩን ሞተር የሚገድለው ግን እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ጋዙ በብረት ፍቅፋቂ ካልተጣራ ሞተሩ ውስጡ ይበላል። ፍቅፋቂው ደግሞ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ለእንዲህ ያለ ሥራ በጀት የምትይዙ ሁሉ፣ ሶላሩንና ጄኔሬተሩን ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፤ ማጣሪያውን የሚለውጥ የቀበሌውን ወጣት አሠልጥኑ፤ ደመወዙንም በጀቱ ውስጥ አስገቡ።