ስለ ግንባር ጠጉር፤ አመራረጡ፣ አቈራረጡና አጠባበቁ

የሰው ፊት አቀማመጡ ልዩ ልዩ ነው። የአንዷ ክብ፣ የሌላይቱ ረዘም ያለ፣ የሦስተኛይቱም በመንጋጋ በኩል ሰፋ ያለ ይሆናል። ይህ ልዩነት ከተፈጥሮ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ አንዱን መልክ አክብሮ ሌላውን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ጠጉር ፊትን ዙሪያውን የሚከብ በመሆኑ፣ የእርሱ አኳኋን ሲለወጥ የፊት መልክም የተለወጠ ይመስላል። ይህንንም ለውጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በግንባር ላይ አጥሮ የሚወርደው ጠጉር ነው።

የግንባር ጠጉር ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን የልጆች ጠጉር ጋሜ ሆኖ ሲቈረጥ፣ መሐል አናቱ እየተላጨ ዙሪያው ይቀር ነበር፤ በግንባር በኩል የቀረውም ለፊት ጌጥ ይሆን ነበር። ዛሬ ደግሞ ልጃገረዶች በስልክ ያዩትን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ጠጉር ሠሪ ቤት እየሄዱ፣ «እንደዚህ አድርጉልኝ» ይላሉ። እናቶችም አንዳንዶቹ ይቈጣሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው መቀስ አንሥተው ይቈርጡላቸዋል። ከሁለቱም ወገን የሚበልጠው ግን ነገሩን ዐውቆ መምከር ነው።

ስለዚህ ስለ አመራረጡና ስለ አቈራረጡ አስቀድመን፣ ስለ አጠባበቁም ቀጥለን እንጽፋለን። አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተቈረጠ ጠጉር ተመልሶ ሲያድግ፣ ለብዙ ጊዜ እየተሳበ ሥሩ የሞተ ጠጉር ግን የማይመለስ መሆኑ ነው።

ፊትን ስለ ማወቅ

የፊትን ቅርጽ ለማወቅ የሚያስፈልገው መስተዋት፣ ክርና የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ጠጉር ሁሉ ወደ ኋላ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የግንባርን ስፋት፣ የጉንጭን ስፋት፣ የመንጋጋን ስፋት፣ ከዚያም ከጠጉር መብቀያ እስከ አገጭ ያለውን ርዝመት በክር እየለኩ ማስተያየት ነው።

ርዝመቱ ከስፋቱ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ፊቱ ረዥም ነው። ለእንዲህ ያለው ፊት በግንባር ላይ ቀጥ ብሎ እስከ ቅንድብ የሚወርድ ጠጉር ይስማማዋል፤ ግንባሩን ስለሚሸፍን ርዝመቱን የቀነሰው ይመስላልና። ርዝመቱና ስፋቱ የተቀራረበ፣ አገጩም የዞረ ከሆነ ፊቱ ክብ ነው። ይህን በወፍራምና ቀጥ ባለ ጠጉር መሸፈን ይበልጥ አጭርና ሰፊ ያስመስለዋል። ስለዚህ ወደ አንድ ጐን ያዘነበለ፣ ወይም መሐሉ ተከፍቶ በሁለቱ ጐኖች እየረዘመ የሚወርድ ይሻለዋል።

ግንባሩና መንጋጋው እኩል ሰፍተው ማዕዘናቸው ጐልቶ ለሚታየው ፊት፣ ጫፉ ያልተስተካከለና ሳሳ ያለ ጠጉር መልካም ነው፤ ልክ በማስመሪያ እንደ ተሠመረ ሆኖ የተቈረጠ ግን ማዕዘኑን ያጐላዋል። ግንባሩ ሰፍቶ አገጩ ለሚጠብ ፊት፣ ከጐን ተከፍሎ የሚወርድ ጠጉር የግንባሩን ስፋት ያለዝበዋል። ፊቱ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ሰው ግን አብዛኛው ዓይነት ይስማማዋል።

ከቅርጹ ሌላ የሚታዩ ነገሮችም አሉ። ግንባሯ አጭር የሆነ ሴት ወፍራም የግንባር ጠጉር ብታወርድ ፊቷ ይጨልማል። መነጽር የምታደርግም ሴት መነጽሯን አድርጋ ትለካ፤ ጠጉሩ የመነጽሩን ላይኛ ጠርዝ ከነካ ቀኑን ሙሉ ሲያስቸግራት ይውላልና። ነጠላ የምትከናነብም ሴት ራሷን ገልጣ ብቻ ሳይሆን ተከናንባም መስተዋት ትይ። ቅንድብ ላይ የደረሰ ወፍራም ጠጉር ነጠላው ሲጫነው ዐይን ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጐን ያዘነበለው ግን በነጠላው ሥር ጸጥ ብሎ ይቀመጣል።

ጠጉርን ስለ ማወቅ

ፊትን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በስልክ የሚታየው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የለስላሳ ጠጉር ነው፤ የአገራችን ሴቶች ጠጉር ግን አንዱ ዘለግ ያለ፣ አንዱ የተጠቀለለ፣ አንዱም ጥቅጥቅ ብሎ የተቈጠረ ነው። የተጠቀለለ ጠጉር በውኃ ሲርስ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ግን ይሰበሰባል፤ አንዳንዱማ የርዝመቱን እኩሌታና ከዚያም በላይ ያጥራል። በእርጥቡ ቅንድብ ላይ የደረሰው፣ ሲደርቅ መሐል ግንባር ላይ ቆሞ የሚገኘው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ጠጉር በደረቁ፣ እንደ ተፈጥሮው ተጠቅልሎ እንዳለ ሊቈረጥ ይገባል።

ጠጉሯን በፔስትራ አለስልሳ የግንባር ጠጉር የምታስቈርጥ ሴት ደግሞ ይህን ታስብ፤ የፔስትራ ልስላሴ እርጥበት እስኪነካው ድረስ ነው። በክረምት ዝናብ፣ በወጥ ቤት እንፋሎት፣ በላብም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በየማለዳው በፔስትራ ማስተካከል ደግሞ ስስ የሆነውን የግንባር ጠጉር ያደርቀዋል፤ ይሰብረዋልም። በየቀኑ እሳት የማይፈልግ አቈራረጥ መምረጥ ይሻላል። ማለስለስ ግድ ቢሆን ጠጉሩ ፈጽሞ ደርቆ፣ ሙቀቱም ዝቅ ብሎ ይሁን። ትልቅ ቢጎዲን ጠቅልሎ ጥቂት ማቆየትም ያለ ፔስትራ መልካም መታጠፍ ይሰጠዋል።

መቀስ ሲያዝ

አባቶቻችን አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥን መክረውናል። ጠጉር በወር የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ችኮላ 4 ሳንቲ ሜትር አብልጣ የቈረጠች ልጅ አራት ወር ያህል መታገሥ ይኖርባታል።

በቤት የሚቈርጥ ሰው ይህን ሥርዐት ይከተል። ጠጉሩ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይበጠር። ከዚያም ከአናት ፊት፣ ራስ ወደ ግንባር መታጠፍ ከሚጀምርበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ሁለቱ ቅንድቦች ጫፍ የሚወርድ ሦስት ማዕዘን በማበጠሪያ ይከፈል፤ የቀረው ጠጉር ላላ ተደርጎ ወደ ኋላ ይታሰር። የሦስት ማዕዘኑ ጐን ከቅንድብ ጫፍ ካለፈ ጠጉሩ ይበዛል፤ ፊትንም ይውጠዋል።

የተለየው ጠጉር በሁለት ጣት መካከል ሳይወጠር ተይዞ፣ ከሚፈለገው ልክ በ2 ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ ይቈረጥ። መቀሱም አግድም ሳይሆን ጫፉ ወደ ላይ ዞሮ ጥቂት ጥቂት እየነካካ ይሂድ፤ አግድም የተቈረጠ ትንሿን ስሕተት ሁሉ ያሳያል። ከዚህ በኋላ መቀሱን አስቀምጦ አንድ ቀን ማደር ነው። በማግሥቱም አጥሮ መታየት ካስፈለገው በግማሽ ሳንቲ ሜትር እየተቀነሰ ይስተካከላል። ለተማሪ ልጅ ጠጉሩ ከቅንድብ በታች እንዳይወርድ፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱም እንዲስተካከል ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መጽሐፍ ስታነብ ዐይኗን ይጋርዳታል።

ስለ ንጽሕናውም አንድ ቃል እንጨምር። ቅቤም ሆነ የጠጉር ቅባት በግንባር ላይ ሲወርድ የቈዳን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከዚያም ጥቃቅን ብጉር ያወጣል። ስለዚህ ቅባቱ ከግንባር ጠጉር ራቅ ብሎ ይቀባ፤ ግንባርም ማታ ማታ ይታጠብ።

የግንባር ጠጉር የሚጠፋበት ምክንያት

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው። በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ የሚበቅለው ጠጉር ከሌላው ይልቅ ስስ ነው። ሹሩባ ስትሠራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚወጠረው ይኸው ነው። ልጅቱ ስታለቅስ፣ «ቻይው፤ ነገ ይለቅሻል» ይባላል። ዐይኗ ወደ ላይ እስኪሳብ መጐንጐኑም እንደ ሠሪዋ ሙያ ይቈጠራል። ሕመሙ ግን ጠጉሩ ከሥሩ እየተነቀለ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው።

ይህ በመሳብ የሚመጣ መመለጥ አዲስ በሽታ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ጠጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ታይቶ ተጽፏል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ፕሮፌሰር ኖንላንላ ኩማሎና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች፣ ከመረመሯቸው የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከ100 ውስጥ 17ቱ፣ ለአካለ መጠን ከደረሱት ሴቶችም ከ100 ውስጥ 32 ያህሉ ይህ መመለጥ ተገኝቶባቸዋል። በወንዶቹ ተማሪዎች ላይ ግን አልተገኘም። እንግዲህ ጕዳቱ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከአሠራር እንደ መጣ ከዚህ ይታወቃል።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ ከተሠራ በኋላ የሚሰማ ሕመምና ራስ ምታት፣ በጉንጉኑ ሥር የሚወጡ ጥቃቅን እብጠቶች ወይም መግል የያዙ ብጉሮች፣ ማሳከክ፣ በግንባር ዳር የተሰባበሩ አጫጭር ጠጉሮች። ቈይቶም የግንባር መስመር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በቀድሞው ዳር ላይ ግን ጥቂት ስስ ጠጉሮች እንደ ጥለት ዘርፍ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ሐኪሞች በ2011 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የዘርፍ ምልክት ብለው ሰይመው በሽታውን ለመለየት ይጠቀሙበታል።

መልካሙ ወሬ ግን በጊዜው የተያዘ ሁሉ የሚመለስ መሆኑ ነው። መሳቡ ሲቆም ጠጉሩ በወራት ውስጥ ይበቅላል። ዓመታት ካለፉና ቈዳው ጠባሳ ሆኖ ከለሰለሰ በኋላ ግን ቅቤም ሆነ ቅባት አያበቅለውም። ስለዚህ ሹሩባ ሠሪዋ ከግንባር ዳር ያለውን ስስ ጠጉር ትታ ከአንድ ጣት ስፋት በኋላ ትጀምር፤ ወፍራም ጉንጉንም ከቀጭኑ ይሻላል። በኬሚካል የለሰለሰ ጠጉር የበለጠ ስለሚሰበር፣ ከባድ ሰው ሠራሽ ጠጉር አይቀጠልበት። በየጊዜው ሳይሠራ የሚያርፍበት ሳምንት ይኑረው። ሻሽም በግንባር ዳር ላይ አጥብቆ በየሌሊቱ አይታሰር።

ከወሊድ በኋላ የሚደርሰው ከዚህ የተለየ ነው። እናት ከወለደች ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ጠጉሯ በብዛት፣ በተለይም በግንባሯ በኩል ይረግፋል። ይህ አያስፈራም፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ይተካል። አዲስ የበቀለውም አጭር ጠጉር በግንባር ላይ ቆሞ ይታያል፤ ያን ጊዜ አጥብቆ ወደ ኋላ መሳብ ሳይሆን ለስለስ አድርጎ ወደ ጐን ማስተኛት ይበቃዋል።

መሸፈኛ ሆኖ ሲፈለግ

ብዙ ሴቶች የግንባር ጠጉር የሚፈልጉት ለጌጥ ሳይሆን የሸሸውን መስመር ለመሸፈን ነው። ይህን በመፈለጋቸው ሊታፈሩ አይገባም። ነገር ግን በሙጫ ወይም በመቈንጠጫ የሚያያዝ የሰው ሠራሽ የግንባር ጠጉር የቀረውን ስስ ጠጉር ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ መሸፈኛው ራሱ ጕዳቱን ያሰፋዋል። ይልቁንስ ከአናት በኩል ካለው ጤናማ ጠጉር ጥቂት ከፍሎ ወደ ፊት ማውረድና ወደ ጐን ማዘንበል ይሻላል። ሐኪምም ዘንድ መታየት ይገባል፤ የቈዳ ሐኪም ጊዜው ያላለፈውንና ያለፈውን ለይቶ ይነግራልና።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ የግንባር ጠጉር ልቈረጥ ብትላችሁ በቍጣ አትመልሷት። በመስተዋት ፊት አብራችሁ ቁሙ፤ ፊቷን ለኩላት፤ የጠጉሯንም ጠባይ አስረዷት። ያማረ ሆኖ ካገኛችሁት ደስ ይበላችሁ፤ ባያምርም በጥቂት ወር ያድጋል። ሹሩባ ስትሠራ «አመመኝ» ብላ ብትጮኽ ግን ያን ጊዜ ሥራው ይቁም፤ ጉንጉኑም ይፈታ። የዛሬው እንባዋ ነገ ይረሳል ብላችሁ አታስቡ፤ በሠላሳ ዓመቷ ግንባሯን በሻሽ ስትሸፍን ትዝ ይላታልና።