የፑል ዱላ ከመቀየርዎ በፊት ጫፉን ይመልከቱ

ቤትዎ ውስጥ የፑል ጠረጴዛ ካለ፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ የራሱን ዱላ በቦርሳ ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት ከሆነ፣ ይህን አቤቱታ ሳይሰሙ አይቀሩም፦ «ዱላው ተበላሽቷል፤ እየሸረተተብኝ ነው፤ ሌላ ይገዛልኝ።» ነጯ ኳስ ስትመታ «ጠቅ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ኳሷም ወዳልታሰበ አቅጣጫ ትሄዳለች። አባት «ልጁ ገና አልለመደም» ይላል፤ ልጁ ደግሞ «ዱላው ነው» ብሎ ይከራከራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የልጁም የዱላውም አይደለም። ከጫፉ ላይ የተጣበቀችውን፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውን ቆዳ ያየ ሰው የለም።

የፑል ዱላ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ከዚያ ሁሉ ርዝመት ኳሷን የሚነካው ግን ወደ 13 ሚሊሜትር የምትሰፋው ቆዳ ብቻ ናት። የምትነካውም ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ነው። ተጫዋቹ ያሰበው ሁሉ በዚያች ቅጽበት፣ በዚያች ቆዳ በኩል ያልፋል። ቆዳዋ ካረጀች ውዱም ዱላ ከመጥረጊያ እንጨት ብዙም አይሻልም። መልካሙ ዜና ደግሞ ቆዳዋን መቀየር ከአዲስ ዱላ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ወጪ ያለው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ መሆኑ ነው።

ይህች ቆዳ ምን ትሠራለች?

በቀድሞ ዘመን ቢሊያርድ የሚጫወቱ ሰዎች ዱላ ጫፉ ባዶ እንጨት ነበር። እንጨትና ኳስ ሁለቱም ጠጣርና ለስላሳ ገጽ ስላላቸው፣ ከመሃል ትንሽ ወጣ አድርጎ የመታ ሰው ዱላው ይንሸራተትበታል። ስለዚህ ኳስን አሽከርክሮ መላክ የማይታሰብ ነበር። ይህን በመለወጥ ስሙ የሚነሳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኖረው የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ሻምበል ፍራንስዋ ሜንጎ ነው። ሜንጎ በእስር ላይ ሳለ ቢሊያርድ እንዲጫወት ተፈቅዶለት እንደነበርና በዱላው ጫፍ ላይ ቆዳ የመለጠፍን ዘዴ ያዳበረው በዚያ እንደሆነ ይነገራል። ከእስር ከወጣ በኋላ ነጯን ኳስ ወደፊት መትቶ ወደ ራሱ እንድትመለስ በማድረግ ተመልካቹን ያስደንቅ ነበር። በ1827 ስለ ጨዋታው መጽሐፍ አሳትሟል።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ቆዳ ሲመታ በጥቂቱ ይጨመቃል፤ ኳሷንም ይዞ ይገፋታል። ከመሃሏ በታች ሲመቷት ወደ ኋላ፣ ከመሃሏ በላይ ሲመቷት ወደፊት፣ በጎኗ ሲመቷት ወደ ጎን ትሽከረከራለች።

ቆዳዋ ብቻዋን ግን አትበቃም፤ ጠመኔ ያስፈልጋታል። በትንሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ኩብ የሚሸጠው የፑል «ጠመኔ» ስሙ ነው እንጂ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት አይደለም። ዊልያም ስፒንክስ እና ዊልያም ሆስኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1897 የፈጠራ መብት ያገኙበት ይህ ኩብ ዋናው ነገሩ ሲሊካና ሌላ ሻካራ ማዕድን ነው። ሻካራው ዱቄት ቆዳዋ ላይ ተይዞ መንሸራተትን ይከላከላል። የቆዳዋ ገጽ እንደ መስታወት ካበራ ግን ጠመኔው የሚይዝበት ቦታ አያገኝም፤ ልጅዎ ቢቀባው ቢቀባው ዱላው መሸርተቱን አይተውም።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። የፑል ኳስ 57 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አላት። ከመሃሏ ወደ 14 ሚሊሜትር ርቆ የተመታ ምት ቆዳዋ የቱንም ያህል ጥሩ ብትሆን ይሸርታል። ልጁ ኳሷን ጠርዟ ላይ እየመታ ከሆነ መታረም ያለበት አመታቱ ነው። በመሃሏ አካባቢ እየመታም ከሸረተተው ግን ዓይንዎን ወደ ቆዳዋ ይመልሱ።

መቀየር እንዳለባት በምን ይታወቃል?

ዱላውን ወደ መብራት ጠጋ አድርገው ጫፉን ከጎን ይመልከቱ። አራት ነገሮችን ይፈትሹ፦

• ቅርጿ፦ ጥሩ ቆዳ እንደ ጎጆ ቤት ጣሪያ ጉብ ያለች ናት። ጠፍጣፋ ከሆነች ጠርዟ ኳሷን ስለሚነካ ትሸርታለች።
• ጎኗ፦ እንደ እንጉዳይ ከእንጨቱ ወጥታ ከተንሰራፋች ለስላሳ ሆናለች ወይም ብዙ ተመትታለች ማለት ነው።
• ውፍረቷ፦ የጎኗ ከፍታ ወደ 2 ሚሊሜትር ከወረደ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ከስሯ ያለው ነጭ ቀለበት ኳሷን መንካት ከጀመረ ደግሞ ቀለበቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።
• አያያዟ፦ በጥፍርዎ ገፋ ሲያደርጓት ከተንቀሳቀሰች፣ ወይም ስትመታ ድምፁ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፅ ከመሰለ፣ ማጣበቂያዋ ለቋል ወይም ተሰንጥቃለች።

ችግሩ ጠፍጣፋነት ወይም ማብረቅረቅ ብቻ ከሆነና በቂ ውፍረት ካላት መቀየር አያስፈልግም። በብርጭቆ ወረቀት ቅርጿን መልሰው ገጿን ሻከር ካደረጉላት ለወራት ታገለግላለች።

የቱን ይምረጡ?

ወደ ስፖርት ዕቃ መሸጫ ሲሄዱ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ሲልኩ፣ ሦስት ነገር ይወቁ፦ ስፋት፣ ጥንካሬና አሠራር።

ስፋት። በብዙ የፑል ዱላዎች ላይ ያለው ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ነው። የስኑከር ዱላ ቀጭን ስለሆነ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ከመግዛትዎ በፊት ነጩን ቀለበት በማስመሪያ ይለኩ። ልኩን ካላገኙ ትንሽ የሚሰፋውን ይውሰዱ፤ ትርፉ ይቆረጣል። የሚጠበውን ግን ማስፋት አይቻልም።

ጥንካሬ። ለስላሳ ቆዳ ጠመኔን ጥሩ አድርጋ ትይዛለች፣ ምቷም ድምፅ አልባ ነው፤ ግን ቶሎ ትጨመቃለች፣ ቶሎ ቶሎም መስተካከል ትፈልጋለች። ጠንካራዋ ቅርጿን ለረጅም ጊዜ ትጠብቃለች፤ ነገር ግን ጠመኔ መቀባት ለሚረሳ ሰው አትመችም። ብዙዎች «ለስላሳዋ ብዙ ታሽከረክራለች» ብለው ያምናሉ። መሽከርከሩን የሚወስነው ግን ኳሷ የምትመታበት ቦታና የእጅ ፍጥነት ነው፤ የቆዳዋ ድርሻ አለመንሸራተት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ለሚጠቀምበት ዱላ መካከለኛዋ ታዋጣለች።

አሠራር። አንደኛው ዓይነት ከአንድ ወጥ ቆዳ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። እንደ ኤልክ ማስተር እና ለ ፕሮ ያሉት ከዚህ ይመደባሉ፤ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሲሆን አንዱ ከሌላው በጥንካሬ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ሁለተኛው ስስ ቆዳዎች ተደራርበውና ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። የጃፓኖቹ ካሙይ እና ሞሪ በዚህ ይታወቃሉ፤ የሚሠሩትም ከአሳማ ቆዳ ነው። ወጥ ጥንካሬ ስላላቸው በውድድር ተጫዋቾች ይወደዳሉ፤ ዋጋቸው ግን የወጡን ብዙ እጥፍ ነው። የአሳማ ቆዳ ቤት ማስገባት የማይፈልግ ቤተሰብ ከመግዛቱ በፊት ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅዎ የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ በርካሿ ወጥ ቆዳ ይለማመዱ፤ ብትበላሽም አያስቆጭም።

«አገራችን የቆዳ አገር አይደለችም ወይ? ከጫማ ሰፊ ቁራጭ ብወስድስ?» ይሉ ይሆናል። የጃኬት፣ የጓንትና የቦርሳ ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። የዱላ ጫፍ ቆዳ ግን ተጨምቆ እንዲጠጥር የተደረገ ነው። ከጫማ ቤት የመጣ ቁራጭ በጥቂት ጨዋታ ውስጥ ይንሰራፋል። ያ ቁራጭ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

መጀመሪያ ዱላው ምን ዓይነት እንደሆነ ይዩ። በአንዳንድ ርካሽ ዱላዎችና በልጆች ጠረጴዛ ዱላዎች ላይ ጫፉ በብሎን የሚገባ ወይም እንደ ክዳን የሚደፋ ነው፤ ያንን ፈትቶ ወይም ነቅሎ ሌላ መግጠም ብቻ ነው። በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ስለታም ምላጭ ወይም ከተር፣ ደቃቅና ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ፣ የወረቀት ፕላስተርና ጠፍጣፋ ጣውላ ያዘጋጁ። ምላጩንና ማጣበቂያውን አዋቂ ይያዝ፤ ቀሪውን ልጆች ይሥሩት። መስኮት ይክፈቱ። ማጣበቂያው ጣትን ከጣት ካጣበቀ በኃይል አይሳቡ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ እያሹ ቀስ ብለው ያላቁ።

1. አሮጌዋን ማንሳት። ነጩን ቀለበትና ከስሩ ያለውን እንጨት በፕላስተር ይጠቅልሉ። ቆዳዋን ከቀለበቱ በላይ በምላጭ ይቁረጡ። እጅዎ ከምላጩ ፊት እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

2. መሠረቱን ማስተካከል። የቀረውን ቆዳና የደረቀ ማጣበቂያ በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉ። ወረቀቱን በጣውላው ላይ ዘርግተው ዱላውን ቀጥ አድርገው ያሽከርክሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መሠረቱ ካዘመመ ወይም ዳር ዳሩ ከተሸረሸረ አዲሷ ቆዳ በሳምንት ውስጥ ትወድቃለች። ማጣበቂያው ሲያልቅ ያቁሙ፤ ቀለበቱን አይጨርሱት።

3. አዲሷን ማዘጋጀት። የታችኛውን ገጿን በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ጊዜ ያሽከርክሩ፤ ለጥ ያለና ሻከር ያለ ይሁን። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

4. ማጣበቅ። አንድ ጠብታ ማጣበቂያ በቂ ነው። ስስ አድርገው ያሰራጩ፣ ቆዳዋን መሃል ላይ ያኑሩ፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል መሆኗን ያረጋግጡ። ከዚያ ዱላውን ገልብጠው ቆዳዋን በጣውላው ላይ አጥብቀው ይጫኑ። ማጣበቂያው ቶሎ የሚይዝ ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለም እስከ ማግስቱ ይተዉት። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ይሁን።

5. ትርፉን መቁረጥ። ቆዳዋ ጣውላው ላይ እንደተገለበጠች፣ ምላጩን ከቀለበቱ ወደ ጣውላው አቅጣጫ እየገፉ ትርፉን በትንሽ በትንሹ ይቁረጡ። የቀረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከቀለበቱ ጋር እኩል ያድርጉ።

6. ጎኗን ማጠንከር። ከጫማ ቤት ያገኙት ቁራጭ ቆዳ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የቆዳዋን ጎን በጣትዎ ትንሽ ውኃ ያርጥቡ፤ ከዚያ በቁራጩ ጠቅልለው እስኪሞቅ በፍጥነት ያሹ። ጎኗ ጠንክሮ ያበራል፤ እንደ እንጉዳይ መንሰራፋቷም ይዘገያል።

7. ቅርጽ መስጠት። ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሳንቲም በማስመሪያ ለክተው ይምረጡ። በካርቶን ላይ ዙሪያውን ይሥሩና ቅስቱን ቆርጠው ያውጡ። ይህ መለኪያዎ ነው። ቆዳዋን በብርጭቆ ወረቀት ከዳር ወደ መሃል እየሞረዱ መለኪያው ላይ እስክትገጥም ያስተካክሉ። ሻከር ያለች ትሁን እንጂ አትለስልስ።

ዕድሜዋን ለማርዘም

አዲስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትጨመቃለች፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ቅርጿን አንዴ እንደገና ይመልከቱ። ጠመኔው ከእያንዳንዱ ምት በፊት፣ ቀለም እንደሚቀባ ሰው በቀስታ ከላይ ይቀባ፤ መሃሉን እየቆፈሩ ማሽከርከር ጠመኔውንም ቆዳዋንም ይጎዳል። ኳሶቹን ለመበተን የሚመታው ኃይለኛ ምት ቆዳን ከሁሉ በላይ ይጨፈልቃልና፣ ለዚያ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ዱላ ይመድቡ። ዱላውንም በግድግዳ ላይ አስደግፈው አይተዉት፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ደግሞ ፈጽሞ።

ነጩ ቀለበት ከተሰነጠቀ ወይም ከእንጨቱ ከላቀቀ ግን ሥራው ከቤት ያልፋል። ዱላ የሚጠግን ሰው ካላገኙ፣ ጥንቁቅ የሆነ ቶርኖ ቤት አዲስ ቀለበት ሊሠራልዎ ይችላል።

በከተሞቻችን «ፑል ቤት» የሚለው ቃል በብዙ ወላጅ ጆሮ ጥሩ አይሰማም። ስለዚህም ጨዋታውን የሚወድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ተው» የሚለውን ነው። የዱላውን ጫፍ አብሮት የቀየረ ወላጅ ግን ሌላ የሚያወራው ነገር ያገኛል፦ ለምን እንደሚሸርት፣ ኳሷ ለምን ወደ ኋላ እንደምትመለስ፣ ጎደለ የተባለ ዕቃ ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ። ልጅዎ በሚቀጥለው ጊዜ «ሌላ ይገዛልኝ» ሲልዎ፣ ዱላውን ተቀብለው ጫፉን ወደ መብራት ያዙሩት። ከዚያ ዱላውን ለእሱ መልሰው «ምን ይታይሃል?» ብለው ይጠይቁት።