የወላጆች የሥራ ቀንና የአጥቢያው ድርሻ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

በይፋት ቆላ የወላጅ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ፣ በማሽላም ሆነ በመስኖ ሽንኩርት ማሳ የሚሠራ ሰው የማለዳውን ቀዝቃዛ ሰዓት ይሻማል። በዚያው ሰዓት ግን ውኃ መቀዳት፣ እሳት መንደድ፣ ልጅም ታጥቦና ቁርሱን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ስለሚገናኙ አንዱ መጉደሉ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለውም የልጁ ቁርስ ወይም የእናቲቱ ዕረፍት ነው። ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የምናቀርበው የበዓል አከባበራችን፣ የጾም ምክራችንና የአገልግሎት ሰዓታችን በቀጥታ ስለሚነካው ነው።

ተቀጥራ ለምትሠራ እናት ሕጉ ጥቂት መጠለያ ሰጥቷታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላም 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅድላታል፤ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት። በከተማው ያሉ ምእመናን ይህን መብታቸውን ቢያውቁ መልካም ነው። በራሷ ማሳ የምትውል፣ በጉሊት የምትቸረችር ወይም በሰው ቤት የምታገለግል እናት ግን በዚህ አዋጅ የምትጠይቀው ፈቃድ የላትም። እርሷን የሚያሳርፋት ዘመድና ጎረቤት ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ገንፎ የሚያገነፋላትና ውኃ የሚቀዳላት አይጠፋም። ከክርስትናው ማግስት ይህ እርዳታ ይሳሳል፤ ሕፃኑ ግን ገና 3 ወር አልሞላውም።

በተለይ ልናተኩርበት የምንወደው የበዓላትን ቀን ነው። በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 በሬ አይጠመድም፤ ገበሬው ያርፋል። እናቲቱስ? ዘመድ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ማኅበር የሚወጣበት ቤት ከሆነም ጠላው ቀደም ብሎ ተጠምቆ፣ ዳቦው በዋዜማው ተደፍቶ መገኘት አለበት። ባል ያረፈበት ቀን ለሚስት ከአዘቦቱ ቀን የከበደ ሆኖ የሚውልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዓል እንዲከበር ስናስተምር ማረፍ የሚገባቸው እነማን እንደሆኑ ለይተን መናገር አለብን። አባት በበዓል ቀን ልጆቹን ቢያጥብ፣ የደከመችውን ሚስቱን ቢያሳርፍ በዓል አልሻረም፤ የሚያሳፍረው የጎረቤት ዓይን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም። ይህ ቃል ከዐውደ ምሕረት ሲነገር ማንኛውም የሥልጠና መድረክ የማያገኘው ሰሚ ያገኛል። ይልቁንም ካህኑ ራሱ ባለትዳርና ገበሬ ስለሆነ፣ ሌሊቱን በማኅሌት አድሮ ቀኑን በእርሻ ሲውል ቤቱን ማን ተሸክሞት እንደሚያድር ከማንም በላይ ያውቃል።

ከጾም ጋር የተያያዘው ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዲጾም አይገደድም፤ ይሁን እንጂ ዕቃ ይነካካል በሚል ስጋት በዐቢይ ጾም ለሕፃኑ ወተትም እንቁላልም የማይቀርብባቸው ቤቶች አሉ። ለሕፃኑ ብቻ የምትለይ አንዲት ድስትና ማንኪያ ይህን ስጋት ታስቀራለች። የንስሐ አባቶች ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጡትን ምክር እናቲቱ እስክትጠይቅ ሳይጠብቁ፣ ባልና አማት ባሉበት ቢናገሩት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ሴቶች እየደከሙም ቢሆን በራሳቸው አፍ መጠየቅን ያፍራሉና። በዚያው ወቅት ቅዳሴው ከእኩለ ቀን በኋላ ስለሚሆን፣ እናት በቤተ መቅደስ ሳለች ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ታናናሾች ማን እንደሚቀበል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

የመኸሩ ወራት ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ማሽላው ሲያሽት ወፍ ለመጠበቅ ልጆች ማማ ላይ ይውላሉ። ማሾም በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ እየተመላለሱ በእጅ መልቀም ግድ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ማሾ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣለታል። የዕዳ ክፍያ ቀን የቀረበበትን አባት ልጅህን ከማማ አውርድ ብሎ መገሠጽ ብቻውን የትም አያደርስም። ጎረቤታሞች በወንፈል ተራ ገብተው የአንዱን ማሳ በአንዱ ቀን ቢጠብቁ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከትምህርቱ የሚቀርበት ቀን ይቀንሳል። ይህ ወቅት ወባ የምትበረታበትም ስለሆነ፣ ልጆች በጊዜ ራታቸውን በልተው አጎበር ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ከማናቸውም የቤት ሥራ ይቀድማል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በደረሰው ግጭት የትዳር ጓደኛቸውን አጥተው ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን በተመለከተ ደግሞ የምክር ቃል አይበቃም። ለእነርሱ የምናቀርበው ሐሳብ አሮጌውን የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ፊደል የሚያስቆጥር መምህርና የዛፍ ጥላ ባለበት አጥቢያ ሁሉ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በመኸር ወራት ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ሊውሉበት ይችላሉ። መምህሩ ግን ብቻውን መተው የለበትም፤ ከእናቶች መካከል ሁለቱ በየተራ አብረውት ይዋሉ፣ ውኃው በጀሪካን ይቅረብ፣ ልጅን የሚረከበው ሰው ስምም ይመዝገብ። ለመምህሩ የሚከፈለውን እህል ሰበካ ጉባኤው ከሰንበቴ ማኅበራት ጋር ተነጋግሮ ማሽላው ሳያሽት፣ በመስከረም ወር ስብሰባው ቢወስን ለዘንድሮው መኸር ይደርሳል።